ለመርከቡ አዛዥ የተሰጠ መልስ

ሄሰልቢ፣ ስቶክሆልም
ጥቅምት 12 ቀን 1997 ዓ.ም.

ብርቄ፣

አላገባሁም። ከሰላምታ በፊት ይህን የጻፍሁት ወሬው ከሰላምታዬ ቀድሞ ድሬዳዋ ስለ ደረሰ ነው። ከበደች ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ አንድ ሽበታም ስዊድናዊ የመኪና በር ሲከፍትልኝ አየች፤ አዲስ አበባ ላለችው እኅቷ ደወለች፤ እኅቷ ለአንቺ ነገረችሽ፤ በመካከሉ ሰርግ ተጨመረበት። በሰባ ስድስት ዓመት ማግባት ነውር ነው አልልም። ያላገባችን ሴት አገባች ማለት ግን ስሕተት ነው፤ ስሕተት ደግሞ ሳይታረም ሲያድር አልወድም። ሰውየው ቤርቲል ይባላል፤ ጡረታ የወጣ የመርከብ መካኒክ ነው። በሩን የከፈተልኝ የመኪናው በር ስለሚጠብቅ ነው። ሚስቱ ሞታበታለች፤ ይህን ግን ለከበደች እንዳትነግሪያት።

አሁን ሰላምታው። እንደምን ከረምሽ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ፤ ጉልበቴም ደረጃ ካላየ ዝም ይላል። ክረምቱን በሙሉ ሳልጽፍልሽ በመቅረቴ ይቅርታ አድርጊልኝ። ምክንያት ነበረኝ፤ ምክንያቱ ግን ጥሩ ስላልሆነ አልጽፈውም።

ለመጻፍ የተቀመጥሁት አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው። ቤርቲል ሊና የምትባል ልጅ አለችው። ሊና ቮርቢ ጎርድ ውስጥ ከሜላት ጋር በአንድ ሕንፃ ትኖራለች። ሜላትን ታስታውሻታለሽ፤ እዚህ አማርኛ ሳስተምር በአማርኛ ስጠይቃት በስዊድንኛ ትመልስልኝ የነበረችው ናት። አድጋም ያው ናት። የአማርኛ ነገር የቸገረው ሰው ሲያጋጥማት ግን ወደ እኔ ትልከዋለች።

ሊና በመስከረም መጀመሪያ ሴት ልጅ ወለደች። በዚህ አገር የሕፃን ስም በሦስት ወር ውስጥ ለስካተቬርኬት መላክ አለበት። ስካተቬርኬት ግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት ነው፤ ሰው መወለዱንም መሞቱንም ቀድሞ የሚያውቀው እሱ ነው። ቤርቲል ሕፃኗ የአያቱን ስም እንድትይዝለት ይመኛል። ይህች አያቱ፣ ብርቄ፣ የእኛ አገር ሰው ነበረች።

ቤተሰቡ የሚያውቀውን ልንገርሽ። ከመቶ ዓመት በፊት፣ የሰባት ዓመት ያህል ልጅ ሳለች፣ ከሌሎች ልጆች ጋር ከታጁራ ዳርቻ በሳንቡክ ጀልባ ተጭና ወደ ዐረብ አገር ለሽያጭ ስትሻገር የእንግሊዝ የጦር መርከብ ደረሰባቸው። በዚያ ዘመን እንግሊዞች በባሕር የሚሄደውን የባሪያ ንግድ እንዲያስቀሩ የታዘዙ መኮንኖች ነበሯቸው። ልጆቹን ወደ መርከባቸው አወጧቸው፣ ሳንቡኩን አቃጠሉት፣ ልጆቹን ኤደን አወረዷቸው። ከኤደን አንድ ስዊድናዊ ሚሲዮናዊና ሚስቱ ወደ አገራቸው ሲመለሱ ልጅቱን ይዘዋት መጡ። እዚህ አደገች፣ አናጢ አገባች፣ ወለደች፣ አረጀች፣ ተቀበረች። ስለ አገሯ አንድም ቀን አላወራችም። የቀረው ስሟ ብቻ ነው። ኢንያላ ይሏታል።

ዶክተር ብርሃነ ሥላሴ፣ ኖርስቦሪ የሚኖሩት የደን ባለሙያ፣ ስሙን ሲሰሙ ወዲያው «ኒያላ ነው፤ የባሌ ተራራ ውብ እንስሳ» ብለውታል። ቤርቲል ደስ ብሎት የኒያላ ፎቶግራፍ በሕፃኗ አልጋ ራስጌ ሰቀለ። እኔ ግን አልተዋጠልኝም። ኒያላ የሚለው ቃል ከውጭ የመጣ ነው፤ የእኛ ሰው እንስሳውን የደጋ አጋዘን ነው የሚለው። በዚያ ዘመን ልጁን ኒያላ ብሎ የሚጠራ አባት ከየት ይመጣል? ይህን በአክብሮት ተናገርሁ። ዶክተሩም በአክብሮት አኮረፉ።

ሊና ቁርጥ ያለች ሴት ናት። ስሙ የምር ምን ማለት እንደሆነ ካልታወቀ ልጄ ላይ አልለጥፈውም፣ ማያ ብዬ እልከዋለሁ አለች። በያንዳንዱ ሕንፃ ሁለት ማያ አለ። ቤርቲል ባርኔጣውን ማዞር ያዘ። አያቱን በዓይኑ ያየ ከእሱና ከእኅቱ በቀር የለም። በእነሱ ካበቃ አበቃ።

አንቺ ኦሮምኛም ሱማልኛም ትሰሚያለሽ፣ አፋሮቹም ደንበኞችሽ ናቸው። እንዲህ ያለ ስም ሰምተሽ ታውቂያለሽ? ቶሎ ጻፊልኝ።

ሸዋሉል


ድሬዳዋ
ጥቅምት 26 ቀን 1997 ዓ.ም.

ሸዋዬ፣

ሚስቱ ሞታበታለች የሚለውን ለከበደች አልነገርኩም። የነገርኩት ለእኅቷ ነው።

ይቅርታ መጠየቅሽን ተቀብያለሁ፤ እኔም ብዙ የምጠየቅበት ስላለ እንቻቻል። እኔ ደህና ነኝ። ቤቱም ደህና ነው። ፍየሏን ሸጥኳት፤ ጎረቤት አጣላችኝ።

ጥያቄሽን ይዤ ሰፈሩን አዳረስኩት። ከአጥሩ ማዶ ያሉት ኦሮሞዋ እናት ገና ስሙን እንደጠራሁ «የእኛ ነው» አሉ። ልብስ ሰፊው ሱማሌ ደግሞ የእነሱ እንደሆነና አሁን ግን እንደማይጠሩበት ነገረኝ። አፋሩ የጨው ነጋዴ በትዝብት አይቶኝ የእሱ አጎት ስም ነው አለ። ትርጉሙን ስጠይቃቸው ሦስቱም ጊዜ ስጪን አሉኝ። እስካሁን እየሰጠኋቸው ነው። ይህችን ልጅ የማይፈልጋት የለም ማለት ነው፤ ያን ጊዜ እንዲህ የሚሻሙባት ቢኖሩ ኖሮ መርከብም አያስፈልጋት ነበር።

አባቴ ከአባታቸው የሰሙትን ስለ እነዚያ መርከቦች ሲያወሩ አስታውሳለሁ። እንግሊዙ ጭሱን እያትጎለጎለ ብቅ ሲል ሳንቡኮቹ የፈረንሳይ ባንዲራ ይሰቅላሉ። ባንዲራው ካለ እንግሊዙ መፈተሽ አይችልም። እንግሊዙ ተናዶ ለኤደን አለቃው ይጽፋል፣ የኤደኑ ለፈረንሳዩ ይጽፋል፣ ፈረንሳዩ ተሰድቤአለሁ ብሎ ለፓሪስ ይጽፋል። ሁሉም ባሪያ ንግድን እንደሚጠላ ይጽፋል። እስከዚያ ሳንቡኩ ዐረብ አገር ሆዴይዳ ወደብ ደርሶ ተመልሷል። የእናንተ ልጅ ዕድለኛ ናት። ወይ ባንዲራው ጠፍቷቸዋል፣ ወይ ነፋሱ ከእጃቸው ወስዶታል።

እኔን ከሰማሽ ኒያላ ይሁንላቸው። ቆንጆ እንስሳ ነው፤ ዓይኑም ትልልቅ ነው። ማንን ይጎዳል? ሽማግሌውም ደስ ይለዋል፣ ዶክተሩም ኩርፊያውን ይተዋል፣ አንቺም ትንሽ ታርፊያለሽ።

ለመሆኑ ስሙ እንዴት ነው የሚጻፈው? «ሀ»ን ከ«ሐ» አልለየሽም ብለሽ የገዛ ደብዳቤዬን በቀይ አርመሽ የመለስሽልኝ ሴት፣ የሰውን ስም በወሬ ብቻ ትልኪልኛለሽ?

የዛሬው ያጠረው ስለ ቸኮልኩ ነው።

ብርቅአየሁ


ሄሰልቢ
ኅዳር 6 ቀን 1997 ዓ.ም.

ብርቄ፣

አልቸኮልሽም። ደብዳቤሽ ከሁለተኛው ገጽ ጀምሮ መስመሩን ለቆ ወደ ታች ይወርዳል። ችኮላ ፊደል ያንሻፍፋል እንጂ መስመር አያስለቅቅም። «ይህችን ልጅ» የሚለውን ደግሞ ቀድሞ በተጻፈ ቃል ላይ ደርበሽ ጽፈሽዋል። ዓይንሽ ምን ሆነ? በሚቀጥለው ደብዳቤ እንድትነግሪኝ። ደኅና ነኝ የሚለውን መልስ አልቀበልም።

ስለ አጻጻፉ የጠየቅሽኝ ግን ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ እኔ ልጠይቀው ይገባኝ ነበር። ቤርቲል ቤት ሄጄ እንዴት ትጽፉታላችሁ አልሁት። ከመሳቢያ አንዲት ቁራጭ ናስ አወጣ። እንደ አሮጌ ሳንቲም ክብ ናት፤ ክር የሚገባባት ቀዳዳ አላት። የእንግሊዙ መርከብ ሰዎች ለእያንዳንዱ ልጅ እንዲህ ያለች ናስ በአንገቱ አስረውለት ነበር፤ አያቱ እስክትሞት ጠብቃታለች። በላይዋ ላይ በምስማር እየተመታ የተጻፈ ስም አለ። አይ፣ ኤን፣ ጄይ፣ ኤይ፣ ሁለት ኤል፣ ኤይ።

ይህን የመታው እንግሊዝ ነው። እንግሊዝ ያንን ፊደል ሲጽፍ «ጀ» ማለቱ ነው። ስዊድኖች ግን ያንኑ ፊደል «የ» ብለው ያነቡታል፤ እኛ ቋንቋውን ስንማር መጀመሪያ የምንሳሳተው በእሱ ነው። ልጅቱ አንገቷ ላይ «እንጃላ» ተጽፎ መጣች፣ ስዊድን ስትደርስ «ኢንያላ» ተብላ ተነበበች። ይኸው እስከ ዛሬ በስዊድን «የ» ሲጠሯት ኖሩ፤ እኛም የስዊድኑን «የ» ሰምተን ተራራ ላይ እንስሳ ፍለጋ ወጣን።

ታዲያ እሷ ለምን አላረመቻቸውም? ሰው ስሙን አጣምመው ሲጠሩት ያርማል፤ አንቺን «ብርቅነሽ» ያለሽ ሰው ምን እንደሚደርስበት አውቃለሁ። ይህን እያሰብሁ ቃሉን ጮክ ብዬ አነበብሁት። እንጃ… ላ። እንጃ። ያላረመቻቸው ስሟ ስላልነበረ ነው፣ ብርቄ።

እንዲህ ይሆናል ብዬ አስባለሁ። ልጆቹ በመርከቡ ላይ ተሰልፈዋል። መኮንኑ፣ የመርከቡ አዛዥ፣ ተቀምጧል፤ ከጎኑ የገበያ አማርኛ የሚያውቅ አስተርጓሚ ቆሟል። ስምሽ ማነው? ይላታል። ልጅቱ እንጃ ትላለች። አስተርጓሚው የሰማውን ይደግማል፤ መኮንኑ የሰማውን ይጽፋል፤ ቀጥሎ ያለው ልጅ ይመጣል።

መኮንኑን ልወቅሰው ጀምሬ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ ቀደድሁት። ያ ሰው በዚያ ሙቀት ባሕሩን ሲጠብቅ ከርሞ አንድ ሳንቡክ ያዘ። ልጆቹን ከታች ከጨለማው አወጣ፤ ውኃ ሰጣቸው። እሱ ባይኖር ቤርቲል የለም፣ ሊናም የለችም፣ ሕፃኗም የለችም። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ነገር ግን አለቆቹ በኤደን የሚጠብቁት ስም ስለነበር የመጀመሪያውን ድምፅ ስም አደረገው። ሁለተኛ አልጠየቃትም። ጠጥታ፣ በልታ፣ ተኝታ ስትነሣ ቢጠይቃት ምናልባት ትነግረው ነበር። ነፃ ያወጣት ሰው ስሟን ለመስማት ጊዜ አጣ።

አሁን ለሊና ምን ብዬ ልንገራት? ሕፃኗን «አላውቅም» ብለሽ ጥሪያት ልበላት? የምትልከው ጊዜ እየደረሰ ነው። ኒያላ ይሁንላቸው ያልሽውን አስቤበታለሁ፤ ቢያንስ እስከ ማታ ድረስ አስቤበታለሁ። አይሆንም። ሊና የጠየቀችኝ የሚያምር ነገር እንድነግራት ሳይሆን እውነቱን እንድነግራት ነው። ቤርቲል ናሷን ስመልስለት ፊቴን አይቶ መጥፎ ነው ወይ አለኝ። ገና ነው አልሁት። ኬክ አቀረበልኝ፤ ሁለት ቁራጭ በላሁ፤ እያየሁት ግን አልበላሁም።

ምን ይመስልሻል? ስለ ዓይንሽም።

ሸዋሉል


ድሬዳዋ
ኅዳር 17 ቀን 1997 ዓ.ም.

ሸዋዬ፣

ፊደሉ ትልልቅ መሆኑን አይተሽ እንዳትስቂ። የዓይን ሞራ ነበር። ግራውን አውጥተውልኛል፤ ቀኙ ወረፋ ይጠብቃል። ያልነገርኩሽ ብነግርሽ ምን እንደምትልኪልኝ ስለማውቅ ነው፤ እንዴት እንደምተኛ፣ በየትኛው ጎኔ እንደምተኛ፣ ተኝቼም ምን እንደማስብ የሚገልጽ መመሪያ። አሁን ደህና ነኝ፤ ይህን ደህና ግን ልትቀበይው ትችያለሽ። ጎረቤቶቼን ዛሬ በደንብ አየኋቸው። ሁሉም አርጅተዋል።

ደብዳቤሽን በአንድ ዓይን አነበብኩት፣ አንቺ በሁለት ዓይን ያላየሽውንም አየሁ። እንጃ ካለች «ላ» ከየት መጣ? መኮንኑ ከኪሱ አውጥቶ ጨመረላት? አንቺ ራስሽ ሁለት ኤል አለው ብለሽ ጽፈሻል። የቃሉን ጅራት ቆርጠሽ ጥለሽ ለተረፈው ታለቅሺለታለሽ።

አዳሪ ትምህርት ቤት ሳለን ከፍራሼ ሥር ቆሎ ባገኘሽ ቁጥር ጣትሽን ቀስረሽ ምን ነበር የምትይኝ? ለአለቃችን ልትነግሪ ስትሄጂስ በር ላይ ዞር ብለሽ ምን ነበር የምትይኝ? አንድም ቀን ወዮልሽ ብለሽኝ አታውቂም፤ እሱ የመሃይም ንግግር ነው ትይ ነበር። «እንጃልሽ!» ነበር የምትይኝ። ኤሉን ጠበቅ አድርገሽ። አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ።

ያቺ ልጅም ያለችው እሱን ነው። እንጃ አይደለም፣ «እንጃልህ» ነው ያለችው። መጨረሻዋ ትንፋሽ ብቻ ስለሆነች እንግሊዙ አልሰማትም። አየሽ አይደል? ከብረት ጀልባ ላይ ቆማ፣ ሰይፍ ለታጠቀ፣ ፊቱ ፀሐይ ለላጠው ሰውዬ፣ ያውም በአንተ! እኔ እንደሆንኩ ከዚህ የተሻለ ስም አላውቅም። ለቤርቲልሽ ንገሪው።

ብርቅአየሁ

የቆሎውን ነገር ይቅር ብዬሻለሁ።


ሄሰልቢ
ታኅሣሥ 3 ቀን 1997 ዓ.ም.

ብርቄ፣

ቤርቲልሽ አትበይ። ስለ ዓይንሽ እንኳን ደስ አለሽ። መመሪያ አልላክሁም፤ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ያለው ወረቀት ምክር ነው።

ደብዳቤሽን እንዳነበብሁ ብቻዬን ሳቅሁ፤ የታችኛው ጎረቤቴ ደኅና መሆኔን ሊጠይቅ መጣ። ወዲያው ግን ሳቄን ያዝሁት። አንድ ነገር ስለሚያምር እውነት አይሆንም፤ ኒያላም ያምራል። ልጅቱ «እንጃልህ» ማለቷን ፈልገሽው ነው እንጂ አልሰማሻትም። ስለዚህ የሰሟትን ሰዎች ልጠይቅ ሄድሁ።

አጠያየቄን ልንገርሽ፤ በዚህ ነገር እኮራለሁና። ቃሉን አልጠራሁላቸውም። መልሱን በጥያቄው ውስጥ አስቀምጦ ማቅረብን የዚያ መኮንን አስተርጓሚ ያድርገው። ሊና ልጇን አቅፋ ተቀምጣለች። ቤርቲልን ልጅ ሆነህ ስታጠፋ አያትህ ምን ትልህ ነበር አልሁት ብቻ። ሰባ ዓመቱ ነው፤ ትንሽ አሰበ። ከዚያ የግራ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ የቀኙን ጣት ቀሰረና፣ በአሮጊት ድምፅ፣ «ኢንጃሌ!» አለ። በ«ጀ» ነው ያለው፣ ብርቄ፣ በ«የ» አይደለም። ይህ ስሟ ነው ወይ አልሁት። አይ፣ ስሟ ኢንያላ ነው፣ ይህ እንኳ ዝም ብሎ የቁጣ ድምፅ ነበር አለኝ። ሁለቱን አገናኝቶ አያውቅም፤ ስሙን በጽሑፍ ነው የሚያውቀው፣ ቁጣውን በጆሮው።

እኔ ግን አሁንም አልተነሣሁም። አንድ ምስክር አይበቃም። እኅቱ ዮተቦሪ ነው የምትኖረው። ደውልላት፣ ምንም አትንገራት፣ ጥያቄዬን ብቻ ጠይቃት አልሁት። ስልኩን ሁላችንም እንድንሰማ አደረገው። ሴትዮዋ ሳታስብ መለሰች፤ «ኢንጃሊሽ» ነበር የምትለው አለች። ቤርቲል ኢንጃሌ ነው አላት። ኢንጃሊሽ ነው አለችው። አንቺ ከልጅነትሽ ጆሮሽ ደካማ ነው አላት። አንተ ስትገረፍ ስለምትጮህ አልሰማሃትም አለችው። ይህን ክርክር ከስድሳ ዓመት በፊት ጀምረውት ኖሮ ካቆሙበት ነው የቀጠሉት። ለእኔ መጨረሻው ላይ እሽ ትላለች፣ ዝም በይ የምትለኝ ይመስለኝ ነበር አለች እኅቱ።

ያን ጊዜ ጉልበቴን ረስቼ ብድግ አልሁ።

ሁለቱም ልክ ናቸው። ለገዛ ልጇ ልጆች፣ ለወንዱ እንጃልህ፣ ለሴቷ እንጃልሽ ትላቸው ነበር። ያቺ አሮጊት አማርኛዋን ሁሉ በዚህ ብርድ ረስታ አንዲት ቃል ቀርታላታለች፤ ያችንም አንዲት ቃል ወንዱን ከሴቷ ለይታ ነበር የምትናገራት። እዚህ የወለድናቸው ልጆች በየሳምንቱ እየተማሩ ያልለዩትን እሷ ማንም ሳይሰማት ስትለይ ኖረች። ይህን በስዊድንኛ አስረዳኋቸው፤ ውኃ ጠጥቼ ከመጀመሪያው ደገምሁት። ከስልኩ ማዶ እኅቱ «እኔም ልክ ነበርኩ?» አለች። ልክ ነበርሽ አልኋት።

ከዚያ ለሊና ሁሉንም ነገርኋት፣ ምንም አልቀነስሁም። ቃሉ ሁለት መንገድ እንዳለው ነገርኋት። ሰው እንጃልህ ሲል ምን ብዬ ልንገርህ፣ እኔ አላውቅልህም ማለቱ ሊሆን ይችላል። በቁጣ ሲሆን ደግሞ ምን እንደሚመጣብህ አላውቅም፣ ተጠንቀቅ ማለት ነው። ስታረጅ የትኛውን ትል እንደነበር ከቤርቲል ጣት አይተናል። በዚያን ቀን፣ በመርከቡ ላይ፣ በሰባት ዓመቷ የትኛውን ብላ እንደሆነ ግን ምስክር የለንም።

ሊና ትክ ብላ አየችኝ። «እርስዎስ? የትኛውን ያለች ይመስልዎታል?» አለችኝ፤ በዛሬ ስዊድንኛ እርስዎ የለም፣ በፊቷ ግን ነበር።

«እንጃልሽ» አልኋት።

መጀመሪያ ቤርቲል ሳቀ፣ ከዚያ ሊና፤ ሕፃኗ ከእንቅልፏ ነቃች። ወይ አለማወቋን ነግራዋለች፣ ወይ ዝታበታለች፤ የትኛውንም ብትል ቀና ብላ ለጠየቃት ሰው መልስ ሰጥታለች አለች ሊና። ይህንን ስም ልጄ ብትይዘው አላፍርም አለች። መኮንኑም አገሩ ሲመለስ ስንት ልጅ ከባሕር እንዳወጣ ለልጅ ልጆቹ አውርቶ ይሆናል፤ አንዷ እንደዛተችበት ግን ሳያውቅ ሞተ።

ከዚያ የሰዋስው ጥያቄ መጣ። ሊና ልጄ ሴት ስለሆነች በ«ሽ» ልጨርሰው ወይ አለች። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ከሜላት እንዲህ ያለ ጥያቄ አግኝቼ አላውቅም። አይደለም አልኋት። ይህ ሰዎች እሷን የሚጠሩበት ቃል ሳይሆን እሷ ለሰዎች የምትመልሰው ቃል ነው። በሕጉ ከሆነ ወንድ ሲጠይቃት እንጃልህ፣ ሴት ስትጠይቃት እንጃልሽ፣ እንደ እኔ ያለ ትልቅ ሰው ሲጠይቃት እንጃልዎ ማለት አለባት። ስካተቬርኬት ሦስት ስም አይመዘግብልሽም። ስለዚህ በናሷ ላይ እንዳለ፣ አዛዡ እንደ ሰማው ይሂድ ተባባልን።

የቀረው «ጀ» ነው። ስዊድን እንዴት ተደርጎ ቢጻፍለት «የ» ማለቱን አይተውም፤ ፊደል አክለን ሞከርን፣ ቀይረን ሞከርን፣ ቤርቲል ሁሉንም «ኢንያላ» እያለ አነበበልን። በመጨረሻ ሊና እስክሪብቶውን አስቀመጠች። ዕድሜዋን ሙሉ ታርማቸዋለች አለች፤ አሮጊቷ ያላረመችው የእሷ ስላልነበረ ነው፣ ይህ ግን የልጄ ነው፣ የራሱን ስም የማያርም የለም አለች። ይህን እኔ ነበርሁ የጻፍሁልሽ፣ ለሊና አልነገርኋትም ነበር። ደስ አለኝ።

ዶክተር ብርሃነ ሥላሴ ዛሬ ቤተ ክርስቲያን ሰሙ። እኔም አያቴ እንጃልህ ይሉኝ ነበር አሉ። ከዚያ ፎቶግራፉ ግን አይውረድ፣ እንስሳው ምን አጠፋ አሉ። ከበደች አጠገባችን ቆማ ነበር። ሕፃን፣ ስም፣ ሸዋሉል የሚሉትን ቃላት ሰምታለች፤ እኅቷ የምትነግርሽን ከአሁኑ አታምኚ።

ሊና ወረቀቱን ነገ ልታስገባ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ቀን የላትም። እኔም ነገ መጀመሪያ የማደርገውን ልጻፍልሽና ልተኛ። ሳይነጋ እነሣለሁ፤ በዚህ ወር እዚህ አገር ሁሉም ነገር ሳይነጋ ነው። ጉልበቴን አስሬ ቱነልባናውን፣ የምድር ውስጥ ባቡሩን፣ እይዛለሁ፣ መሐል ከተማ ላይ ወደ ቀዩ መስመር እቀይራለሁ። ቮርቢ ጎርድ ስደርስ ካፖርቴን አውልቄ እጄን አሞቃለሁ፤ በቀዝቃዛ እጅ ሕፃን አይያዝም። ሊና ፖስታውን ሳታሽገው ሁለቱ ኤል መኖራቸውን አያለሁ። ከዚያ ልጅቱን ከእናቷ ተቀብዬ ፊት ለፊቴ አስቀምጣትና ስምሽ ማነው እላታለሁ። የምትለኝን አልጽፍም። እስክትጨርስ እሰማታለሁ።

ሸዋሉል